ያልተከፈቱ ፎልደሮች፦ የማንሠራባቸውን የዲጂታል ሥዕል ዕቃዎች መግዛት ማቆም ለምን አቃተን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ባለፈው ወር አንድ የድንጋይ ግድግዳ ቴክስቸር፣ ማለትም የስሪዲ ቅርጽ ላይ የሚለበስ የገጽታ ምስል፣ ገዛሁ። አውርጄ ቦታ ላስይዘው ፎልደሩን ስከፍት ሰባት የድንጋይ ግድግዳ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ከሰባቱ አምስቱን ከዚፕ እንኳ አላወጣኋቸውም። እንቅልፌ ጠፋና ቁጭ ብዬ በስድስት ዓመት የሰበሰብኩትን በሙሉ ቆጠርኩ፤ ብሩሹን፣ ቴክስቸሩን፣ የስሪዲ ሞዴሉን፣ ልብሱን፣ ፀጉሩን፣ የብርሃን ፋይሉን፣ ፎንቱን። 1,412 ሆነ። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሥዕሌ ላይ የዋለው 118 ነው። የቀረው 1,294 ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው።

ለዲጂታል ሠዓሊዎች የኢንተርኔት መድረካችን ያቀረብኩት ጥያቄ ከገንዘቡ ያለፈ ነበር። ቁጥሩን በየዓመቱ ስከፋፍለው የገዛሁት እየበዛ፣ የሣልኩት እያነሰ መጥቷል። መሣል የምወድ ሰው ነኝ። ታዲያ የመሣያ ዕቃ መሰብሰብ ቀስ እያለ የመሣልን ቦታ እንዴት ሊወስድብኝ ቻለ? እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ እንዴት እንደወጣበት እንዲነግረኝ ለመንኩ።

አሁን ክሩ፣ ማለትም በጥያቄዬ ሥር የተደረደረው ውይይት፣ የእኔን ጣልቃ ገብነት ሳይጨምር 34 ምላሽ ደርሷል። ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች የተመለሰውን ጥያቄ መልሰው ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል እዚህ አሰፍራለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ በገባኝ መጠን ነው የምጽፈው። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው

1ኛው ምላሽ የመጣው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጸሐፊው እርስዎ እያለ በአክብሮት ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ችግር እንዳለበት ገለጸ። ከ4,000 በላይ ብሩሽ አለው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ግን በሦስት ነው፦ ጠርዙ ጠንካራ በሆነ ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ክብ እና በአንድ እርሳስ መሰል ብሩሽ። የሚሥልበት ፕሮክሪኤት የተባለ ፕሮግራም ገና ሲጫን ከመቶ በላይ ብሩሽ ይዞ እንደሚመጣና እነሱን እንኳ ሞክሮ እንዳልጨረሰ ሲጽፍ ቅሬታው ያስታውቃል።

2ኛዋ መፍትሔ ይዛ መጣች። የወደደችውን ዕቃ ወዲያው አትገዛም፤ የመደብሩ የምኞት ዝርዝር ውስጥ አስገብታ 30 ቀን ትጠብቃለች። ወሩ ሲያልቅ ከአሥሩ ስምንቱን ለምን እንዳስገባቻቸው እንኳ አታስታውስም። 3ኛው ምክሩን ወደደ፣ ዝርዝሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን አልወደደም። የምኞት ዝርዝሩ የመደብሩ ስለሆነ ያስገቡት ዕቃ ዋጋው በቀነሰ ቁጥር ኢሜይል ይመጣል፤ እንደ እሱ አስተያየት ይህ ለሻጩ የደካማ ጎናችንን ካርታ ሠርቶ መስጠት ነው። እሱ የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከዕቃው ስም ጎን የትኛው ሥዕል ላይ እንደሚያውለው ይጽፋል፤ ሥዕሉ ስም ከሌለው ዕቃውም ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ይህን እኔም ጀምሬዋለሁ፣ እየሠራም ነው።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው

4ኛው ምላሽ ረጅም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ፋብ የተባለውን መደብር ሲከፍት፣ ሜጋስካንስ የሚባለውን ከእውነተኛ ድንጋይ፣ አፈርና ቅጠል በስካን የተነሳ ግዙፍ ስብስብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ለማንኛውም ሰው በነፃ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ዋጋ እንደሚወጣለት አስቀድሞ ተነገረ። ጸሐፊው የሰው ፊት የሚሥል ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ድንጋይም ቅጠልም የለም። ሆኖም በዲሴምበር የመጨረሻ ሌሊቶች እየተነሳ አንድ በአንድ ሲጫን ቆየ። ሁሉንም ባንዴ የሚወስድ አጭር ኮድ ሰዎች እየተለዋወጡ መሆኑን ሲሰማ ኮዱን ፈልጎ በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ በስሙ አደረገ። እስካሁን አንዱንም አላወረደም። የሚቆጨው በእነዚያ ሌሊቶች ለእህቱ ልጅ ቃል የገባላትን የፊት ሥዕል ሳይጨርስ መቅረቱ ነው።

5ኛው ከዚህ ተነስቶ ልብ የሚባል ነገር ጻፈ። ዕቃው ነፃ ሆኖም እጃችን እንዲያ የሚሯሯጥ ከሆነ፣ የሚገፋን የዋጋው ማነስ ሳይሆን የቀኑ ማለቅ ነው። መደብሮች በየገጹ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነም አስታወሰ፤ ባለ 4ኬ አንድ ቴክስቸር፣ ማለትም 4,096 በ4,096 ፒክስል የሆነው፣ 64 ሜጋባይት እንደሚይዝ፣ ወደ 8ኬ ከፍ ሲል ደግሞ አራት እጥፍ ሆኖ 256 እንደሚደርስ አስልቶ አሳየ። 6ኛዋ ስሌቱን በትሕትና አረመችው። ያ ቁጥር ምስሉ ሳይጨመቅ በአራት ቻናል (ሦስት የቀለም፣ አንድ የግልጽነት) የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ላይ ሲከፈት የሚይዘው ነው፤ ዲስክ ላይ በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ሲቀመጥ ያነሰ ይሆናል። እርማቱን 5ኛው አመስግኖ ተቀበለ።

ከ7ኛው እስከ 9ኛው

እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ምርምር ዞረ። 7ኛው ምላሽ የሪቻርድ ታለርን ሥራ አነሳ፤ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ግዢ የሚሰጠን ደስታ ሁለት ምንጭ እንዳለው አስረድተዋል። አንዱ ዕቃው ራሱ ለእኛ ያለው ጥቅም ነው። ሌላው በከፈልነውና ትክክለኛ ዋጋው ነው ብለን በምናስበው መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ70 በመቶ ቅናሽ የቀረበ ዕቃ ሁለተኛውን ደስታ ብቻውን ሊሰጥ ይችላል። ጸሐፊው ይህን ወደ እኛ ጉዳይ ሲያመጣው፣ ያ ደስታ ክፍያው ባለቀበት ደቂቃ አብሮ ስለሚያልቅ ዕቃውን የመክፈት ፍላጎት የማይተርፈው ለዚህ መሆኑን ጠቆመ።

8ኛው በዚያው ዓመት የወጣውን የሃል አርክስና የካትሪን ብሉመርን ጥናት ጨመረ። የአንድ ቲያትር ቤት የዓመት ትኬት ለሚገዙ ሰዎች ሳይነገራቸው ለከፊሎቹ በሙሉ ዋጋ፣ ለከፊሎቹ በቅናሽ ተሸጠላቸው። በሙሉ ዋጋ የገዙት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ትርኢት ገብተው አዩ። ስለዚህ በርካሽ የገባ ነገር በርካሽ ይረሳል የሚል ድምዳሜ ሰጠ።

ይህን ሳነብ ዝርዝሬን እንደገና ከፍቼ ቆጠርኩ። በሙሉ ዋጋ የገዛሁት 74 ዕቃ ብቻ ነው፤ ከ74ቱ 52ቱ ሥዕል ላይ ውለዋል። በቅናሽ የገዛሁት 1,338 ሲሆን የዋለው 66 ነው። ቁጥሩን ለጥፌ ስመለስ 9ኛዋ ቀድማ ሁለታችንንም ለማረም ተዘጋጅታ ነበር። በቲያትር ቤቱ ጥናት ልዩነቱ የታየው በትርኢት ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ እንደሆነና በሁለተኛው አጋማሽ እንደደበዘዘ አስታወሰች። የእኔ ቁጥር ደግሞ ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል አሳየችኝ፦ በሙሉ ዋጋ የገዛሁት የጀመርኩት ሥዕል ስለጠየቀው ሊሆን ይችላል። እውነቷን ነው። ከ52ቱ አብዛኞቹን የገዛሁት ሥዕሉ ተከፍቶ ሳለ፣ አንድ በር ወይም አንድ ፋኖስ ጎድሎኝ ነው። ቅናሽ ጠብቄ ከገዛሁት ውስጥ ግን ሥዕል ጠርቶት የመጣ ማግኘት አልቻልኩም።

10ኛው

ይህ ምላሽ ብቻውን ክር ሊሆን ይችል ነበር። ጸሐፊዋ የዳዝ ስቱዲዮ፣ ማለትም የተዘጋጁ የስሪዲ ሰዎችን እያለበሱ ትዕይንት የሚሠሩበት ፕሮግራም፣ ተጠቃሚ ናት። ፕሮግራሙ ራሱ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን ኩባንያው ገቢ የሚያገኘው በላዩ ላይ ከሚሸጡት ገጸ ባሕርያት፣ ልብሶችና ትዕይንቶች ነው። መሠረቱ ጀነሲስ የሚባለው የሰው አካል ሞዴል ነው፤ የመጀመሪያው በ2011 ወጣ፣ ሁለተኛው በ2013፣ ሦስተኛው በ2015፣ ከዚያ ቁጥር ተዘሎ ጀነሲስ 8 በ2017፣ ጀነሲስ 9 ደግሞ በ2022። የአንዱ ትውልድ ልብስ ሌላው ላይ እንዳለ አይገጥምም። ማላመጃ መሣሪያ አለ፤ ጠባብ ሸሚዝ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ጫማና ረጅም ቀሚስ ላይ ግን ቅርጹን ያጣምመዋል።

እሷ የጀመረችው በሁለተኛው ትውልድ ነው። አዲስ ትውልድ በወጣ ቁጥር ያለፈው ልብሷ ሁሉ ዋጋ ያጣ ስለመሰላት ከዜሮ ትጀምራለች፤ ቀድሞ ያወጣችው ደግሞ ከስርዓቱ እንዳትወጣ ያስራታል። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚለው አባባል የገባት እዚህ ላይ መሆኑን ጻፈች። ያወጣችው ተመልሶ እንደማይመጣ እያወቀች፣ ላወጣችው ስትል ሌላ ታወጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ቆም ብላ የድሮውን የጀነሲስ 2 ገጸ ባሕርይ ከፈተች። ሥዕሎቿን የሚያዩ ሰዎች የትኛው ትውልድ እንደሆነ ጠይቀዋት አያውቁም። የሚጠይቋት ስለ ፊቱ ስሜትና ስለ ብርሃኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ አልገዛችም። የጎደለውን በብሩሽ ከላይ ትሥለዋለች።

ከ11ኛዋ እስከ 15ኛው

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላማዊ ነበር። 11ኛዋ ዕቃ ሠርታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ተናዳ ሳይሆን ተከፍታ ነው የጻፈችው። አንድ ካባ ከነጨርቁ እጥፋት፣ ከነአዝራሩ፣ በተለያየ የሰውነት መጠን እንዲገጥም አድርጋ ለመሥራት ሦስት ወር ይፈጅባታል። እዚህ ግን ሥራዋ እንደ ሱስ ዕቃ ሲነገርለት ማንበብ ከባድ ሆነባት። ካነሳቻቸው ነገሮች ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው፦ የሽያጭ ሰሌዳዋ ስንት ሰው እንደገዛላት ይነግራታል፣ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ካባውን የለበሰ ሥዕል ያየችው በሕይወቷ አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አራቱንም አስቀምጣቸዋለች።

እስከዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው እርስዎ ሲባባል ነበር። 12ኛው ግን አንቺ ብሎ ጀመረ፤ አንቺነቱም የቅርበት አልነበረም። ሦስት ቀን የሚቆይ የማስጀመሪያ ቅናሽ፣ ሦስት ዕቃ ለገዛ የሚጨመር ተጨማሪ ቅናሽ፣ አዲሱን ካልገዙ አሮጌው ላይ የማይሠራ ቅናሽ፤ ይህን ሁሉ ዘረዘረና ከዚህ የሚበላ ሰው ስለ ጨርቅ እጥፋት ሊያስለቅሰን አይገባም በሚል መንፈስ ነጭ ነጯን ተናገራት። 13ኛው እሷን ደግፎ ቅናሹን የሚወስነው መደብሩ እንጂ ሠሪው እንዳልሆነ ገለጸ። 14ኛው ሠሪዎቹም በቅናሹ እንደሚስማሙ መለሰ። 15ኛው የሁለቱንም የትምህርት ደረጃ የሚነካ ነገር ጻፈና አስተዳዳሪው አጠፋው፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ። 12ኛው ስለ ቅናሹ አሠራር የጻፈው ትክክል ነው፤ ለእሷ የተናገረበት መንገድ ግን ትክክል አይደለም። ያልተከፈቱት 1,294 ዕቃዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ወራት የደከመባቸው ናቸው። እኔ እነሱን ገዝቼ ሳልከፍት ማስቀመጤ ለሠሪው ክፍያ ቢያስገኝለትም ሥራውን ግን ቀብሮታል። ይህን ስጽፍ ከልቤ ነበር፤ አሁንም ከልቤ ነው።

ከ16ኛው እስከ 18ኛው

16ኛው የመመለስ መብት ጉዳይ አነሳ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በርቀት ለተገዛ ነገር የ14 ቀን የማፈግፈጊያ ጊዜ ይሰጣል። ዲጂታል ዕቃ ላይ ግን ገዢው ወዲያው እንዲቀርብለት በግልጽ ተስማምቶ፣ መብቱን እንደሚያጣ አውቆ ማውረድ ከጀመረ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ለመክፈት ካልተዘጋጁ አለማውረድ ይሻላል የሚል ምክር ሰጠ። 17ኛው በዚያው ኅብረት ሻጭ ቅናሽ ሲያሳውቅ ባለፉት 30 ቀናት የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ሕግ ስላለ፣ የተጋነነ የቀድሞ ዋጋ መፍራት እንደማያስፈልግ ጻፈ።

18ኛዋ ይህን ቆረጥ አድርጋ መለሰችው። የ30 ቀኑ ደንብ የሚሠራው በእጅ ለሚያዝ ዕቃ ሲሆን ዲጂታል ይዘትን አይሸፍንም፤ ያልተጣራ ሕግ ተማምኖ የሚገዛ ሰው እንደሚጎዳ በጠንካራ ቃል አስታወቀች። ቀጥላም የምንገዛው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን መሆኑን አስታወሰች። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ ሻጮች ግዛ የሚል ቃል ሲጠቀሙ የሚሰጡት ፈቃድ እንደሆነ በግልጽ እንዲናገሩ የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ፈቃድ ስለሆነም የማንጠቀምበትን ለሌላ ሰው አሳልፎ መሸጥ በአብዛኛው አይቻልም። የተገዛ የእንጨት ወንበር ቢሰለች ይሸጣል፣ ይሰጣል፤ የስሪዲ ወንበር ግን እኛው ጋ ይቀራል።

ከ19ኛው እስከ 22ኛው

እነዚህ ከርዕሱ ወጥተው ስለ ፋይል አደረጃጀት ሆኑ፤ አሳጥሬ ላልፋቸው እወዳለሁ። 19ኛው የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራሙ ብሌንደር በዲሴምበር 2021 በወጣው 3.0 ዕትሙ ያስገባውን የአሴት (የዕቃ) ማሰሻ አመሰገነ፤ ያለውን በምስል ስለሚያሳየው ሁለት ጊዜ መግዛት እንደቀነሰለት ጻፈ። 20ኛውና 21ኛው ስለ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተከራከሩ። 22ኛዋ ዲስኳ ተበላሽቶ ስድስት መቶ ዕቃ ጠፍቶባት እንደነበረና መልሳ ማውረድ ያስፈለጋት አሥራ አንዱን ብቻ እንደሆነ ነገረችን። ይቺ የመጨረሻዋ ከርዕሱ የወጣች አይመስለኝም።

23ኛውና 24ኛዋ

ክሩን ስከፍት የፈለግኩትን መልስ ያገኘሁት 23ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው የኢሜይል ደረሰኞቹን ሰብስቦ የተገዙበትን ሰዓት ተመለከተ። ከአሥሩ ዘጠኙ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። የሚሥለው ደግሞ ጠዋት፣ ወይም በእረፍት ቀን ነው። በዚያ የምሽት ሰዓት ሥራ ውሎ፣ ቤቱን አስተኝቶ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የመሣል ፍላጎቱ አለ፣ ጉልበቱ ግን የለም። አዲስ ሥዕል መጀመር መወሰን ይጠይቃል፤ ከየት ይታያል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ሰውየው ምን ይሰማዋል። መግዛት ግን ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም። የሌላ ሰው የተዋበ የማሳያ ምስል ያያል፣ በዚያች ቅጽበት ራሱ ሊሠራው የሚችለው ሥዕል በዓይነ ሕሊናው ይመጣል፣ ከፍሎ ይተኛል። በማግስቱ ዕቃውን ሲከፍተው ሥዕሉ ጠፍቷል፤ ምክንያቱም የሥዕሉን ደስታ ማታውኑ ጨርሶታል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ደረሰኞች ተመለከትኩ። የድንጋይ ግድግዳው የተገዛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። የሌሎቹን ሰባት ግድግዳዎች ሰዓትም አየሁ፤ አንዱም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አልተገዛም። ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን በስስት ስከስስ ኖሬያለሁ። ነገሩ ድካም ሊሆን እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር። ደክሞኝም መሣልን እንዳልተውኩት፣ በደከመ እጅ ልደርስበት የምችለውን ትንሹን ነገር እያደረግኩ እንደነበር ሳውቅ ለራሴ አዘንኩ፣ ደግሞም ቀለለኝ።

24ኛዋ አልተስማማችም። እሷ የምትገዛው ጠዋት፣ ሥዕሉ ፊቷ ተከፍቶ ሳለ ነው። አንድ እጅ አልሳልልሽ ሲላት፣ ወይም ጀርባው ባዶ ሆኖ ሲያስፈራት፣ ችግሩ የዕቃ መጉደል መሆኑን ለራሷ ታሳምናለች። ሁለት ሰዓት ስትፈልግ ትቆያለች፣ ገዝታ ትጭናለች፣ እጁ ግን አሁንም አልተሣለም። ስለዚህ በእሷ ዘንድ ድካሙ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የሚገዛው። ሁለቱ ምላሾች እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ሰውየው ባዶውን ሸራ ይሸሻል፣ ሴትዮዋ የተጀመረውን።

ከ25ኛው እስከ 27ኛው

25ኛው ወንድሜ በሚል ጥሪ ጀምሮ በእኔ ላይ ዘመተ። በራሴ ጥፋት የሰው ሁሉ ኅሊና ላይ ሸክም እየጫንኩ እንደሆነ ወቀሰኝ። ክርክሩ ግን ዝም ብሎ የቁጣ አልነበረም። የኮምፒውተር ዘመን ሳይገባ የፊልም ሞዴል ሠሪዎች የፕላስቲክ ታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያ ሳጥን በገፍ እየገዙ፣ ቁርጥራጮቹን የጠፈር መርከብ ገጽ ላይ እየለጠፉ ይሠሩ ነበር። ኪትባሽ የሚባለው ዘዴ የመጣው ከዚያ ነው። እነሱ የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ አስቀድመው አያውቁም ነበር፤ ሞልቶ የተረፈ የቁርጥራጭ ሳጥን ስለነበራቸው እጃቸው የሚያነሳው ነገር አላጡም። ስለዚህ ክምችት ሁሉ በሽታ አይደለም፣ ለጨዋታና ለድንገተኛ ሐሳብ መሬት ነው ሲል ተከራከረ።

ቃሉ ቢያመኝም ነጥቡን ተቀብያለሁ። በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ፦ እነዚያ ሠሪዎች ሳጥኑ ውስጥ እጃቸውን በየቀኑ ይከቱ ነበር። የእኔ ሳጥን አልተከፈተም። 26ኛው ጽሑፍ ሲሰጡት ምስል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ከ2022 ወዲህ ስለመጡ ዕቃ መግዛት ራሱ እንደሚቀር ተናገረ፤ ክሩ ወደዚያ ሊጎተት ሲል 27ኛዋ ለዚያ የተለየ ክር እንዳለ ጠቁማ መለሰችን። ምስጋናዬን እዚህም ልድገምላት።

ከ28ኛው እስከ 34ኛው

28ኛው ሐሳብ አቀረበ፦ እያንዳንዱ ሰው ከገዛቸውና ካልከፈታቸው ዕቃዎች ሁሉ አሮጌውን አውጥቶ፣ ሌላ ሳይገዛ፣ የጎደለውን ራሱ ሠርቶ ወይም እንደ ፖሊ ሄቨን ካሉ ያለ ምንም ገደብ በነፃ ከሚሰጡ ስብስቦች ወስዶ አንድ ሥዕል ይሥራ። ነፃውም ቢሆን ለዚያ ሥዕል የሚያስፈልገው ብቻ እንዲወርድ አሳሰበ፤ የ4ኛውን ታሪክ እያሰበ መሆን አለበት።

29ኛዋ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገዛችውን የባቡር ጣቢያ ሰዓት ከፍታ፣ ከሥሩ የቆመ ልጅ ሠርታ ለጠፈች፤ የሰዓቱ መስታወት ላይ የልጁ ፊት በጭላንጭል ይታያል። 30ኛው የሣለው ተራ የውሃ ባልዲ ነው፣ ግን ውሃው ላይ የወደቀውን ሰማይ አይቼ አልጠገብኩም። 31ኛው አልተሳካለትም፤ ዕቃው የታሸገበት የአጫጫን ፎርማት አዲሱ ፕሮግራም ላይ አልከፈትለት ብሎ ቀረ። እሱን ማጽናናት የጀመረችው 32ኛዋ ሆነች፤ ያቺው የካባ ሠሪዋ ሴት ናት፣ ማንም በስም ሳይጠራት፣ ከ12ኛው ጋር የነበረውንም ነገር ሳታነሳ ተመለሰች። ለ31ኛው ፋይሉን በየትኛው መንገድ እንደሚፈታው በዝርዝር ጻፈችለት፤ ለ29ኛዋ ደግሞ የመስታወቱን ነጸብራቅ እንዴት እንዳደበዘዘችው ጠየቀቻት። በማግስቱ 33ኛው ከ12ኛው መጣ። አጭር ነበር፤ ሴትዮዋን እርስዎ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

የእኔ አሮጌ ዕቃ የእንጨት መሰላል ሆኖ ተገኘ። የገዛሁት በጀመርኩበት የመጀመሪያ ወር ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አቁሜ ከላይ ካለች ትንሽ መስኮት ብርሃን ለቀቅኩበት፤ ሦስተኛው መርገጫ ግን ብርሃኑን አልቀበልም ብሎ ጠቁሮ ቀረ። ሁለት ምሽት ታገልኩት። ሌላ መሰላል ለመግዛት እጄ መደብሩን ከፍቶ እንደነበር አልደብቅም፤ ሰዓቱን አየሁ፣ ከምሽቱ አምስት ሆኗል፣ ዘጋሁት። ሥዕሉን እንዳለ ለጠፍኩት። 34ኛው ምላሽ የመርገጫው ፊቶች፣ ማለትም ሞዴሉ የተሠራባቸው ጠፍጣፋ ገጾች፣ ወደ ውስጥ ተገልብጠው ሊሆን እንደሚችል ጠቆመኝ፤ በብሌንደር የፊት አቅጣጫ ማሳያውን ሳበራው እውነትም ሁሉም ሰማያዊ ሲሆን ያ አንዱ ብቻ ቀይ ነበር። ሁሉንም መርጬ ፊቶቹን ወደ ውጭ የሚያዞሩትን ሺፍትና ኤንን ጫንኩ። አሁን ብርሃኑ ከመስኮቱ ወርዶ በየመርገጫው ላይ እያረፈ ወለሉ ድረስ ይደርሳል። መሰላሉን የሚወጣውን ሰው ቅዳሜ ጠዋት እጀምረዋለሁ።